ያ ሁሉ አሸዋ የት ገባ?

ከሚድላንድ ወደ ከርሚት በሚወስደው መንገድ ላይ የአሸዋ መኪኖች የሚያርፉበት አንድ ማደያ አለ። ምዕራብ ቴክሳስን ካላያችሁት ብዙ አልቀረባችሁም። ሜዳ ነው፣ አቧራ ነው፣ ንፋስ ነው። እዚያ ማደያ ውስጥ ቡና ስቀዳ ከኋላዬ «ሐበሻ ነህ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያ ለብሰዋል። ቤታቸው ዳላስ ነው፤ እዚህ እየመጡ አሸዋ ያመላልሳሉ። «ጋሼ፣ እንደምን ነዎት» ብዬ ተዋወቅን። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ከመሬት በታች ያለውን ድንጋይ በውሃ ግፊት የሚሰነጥቀውን ሥራ፣ እዚህ ሁሉም ሰው ፍራክ የሚለውን፣ ዲዛይን እንደማደርግ ነገርኳቸው። «አሃ፣ እንቅልፍ የነሳኸኝ አንተ ነህ በለኛ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ አራግፌ ስወጣ ሌላው ይገባል። እሱ ሲወጣ ደግሞ ሌላው። ሌሊት የለ፣ ቀን የለ። ያ ሁሉ አሸዋ የት ነው የሚገባው?»

መልሱን ሸምድጄዋለሁ። «ድንጋዩን ሰንጥቀን ግፊቱን ስናቆም ስንጥቁ ተመልሶ መግጠም ይፈልጋል። አሸዋው መሃል ገብቶ እንዳይገጥም ይይዘዋል። ነዳጁ በአሸዋው መሃል አቋርጦ ይወጣል» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቡናቸውን ፉት አሉና፣

«አይታችሁታል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ገብቶ ሲይዘው።»

ስልካቸው ጮኸ፣ ተራቸው ደርሶ ነበር፣ ሄዱ። ጥያቄያቸው ግን እኔው ጋ ቀረ። ሰውዬው ነገር እየቆሰቆሱ አልነበረም። አንድ ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው የሚጠይቀውን ነው የጠየቁት። እኛ ባለሙያ ነን የምንለው ሰዎች ደግሞ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ካቆምን ቆይተናል።

እስቲ መጠኑን ልንገራችሁ። በሚድላንድ ቤዝን፣ ማለትም በዚህ የነዳጅ አካባቢ፣ አንድ የተለመደ ጉድጓድ ወደ ታች ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይወርድና ታጥፎ ወደ ጎን ሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን ይሄዳል። ለዚህ አንድ ጉድጓድ ብቻ 9,000 ቶን ያህል አሸዋ ይገባል። አንድ መኪና 22 ቶን ገደማ ነው የሚጭነው። ከ400 ጭነት በላይ ማለት ነው። ውሃው 80 ሚሊዮን ሊትር ይደርሳል። ይህንን ሁሉ በአንድ ጊዜ አንጨምርም። ጎን ለጎን የሚሄደውን ቧንቧ ከ60 እስከ 70 ሜትር እየከፈልን፣ ከጫፉ ጀምረን ወደ ኋላ እየመጣን፣ ክፍል በክፍል እንሰነጥቃለን። እያንዳንዱ ክፍል ስቴጅ ይባላል። 50 ስቴጅ ያለው ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። በእያንዳንዱ ስቴጅ ውስጥ ደግሞ ቧንቧው በፈንጂ የተበሳባቸው ቦታዎች አሉ፤ ክላስተር እንላቸዋለን። አሥር ክላስተር ካለ፣ በወረቀት ላይ፣ ለእያንዳንዱ 18 ቶን አሸዋ ይደርሰዋል።

በወረቀት ላይ።

ውሃና አሸዋ አይዋደዱም

ነገሩን ውስብስብ የሚያደርገው አሸዋውን የሚሸከመው ተራ ውሃ መሆኑ ነው። በቧንቧው ውስጥ ሰበቃ የሚቀንስ ትንሽ ኬሚካል ይጨመርበታል እንጂ ውሃ ውሃ ነው። አሸዋ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይዘቅጣል። ይህን ማንም ልጅ ያውቃል። በ1990ዎቹ የነበሩ መሐንዲሶችም ያውቁ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ ወፍራም ጄል ነበር የሚጠቀሙት። ጄሉ አሸዋውን አንጠልጥሎ ይወስዳል። ውድ ነበር፤ ግን ሌላ መንገድ አለ ብሎ የሚያምን ጥቂት ሰው ነው።

ጆርጅ ሚቸል የሚባሉት ቴክሳሳዊ ባለሀብት ከፎርት ዎርዝ አጠገብ ባለው፣ ባርኔት ሼል በሚባለው ጋዝ ያለበት የድንጋይ ንብርብር ላይ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ያስቆፈሩት በ1981 ነው። ለዓመታት ገንዘብ ፈሰሰበት፣ ጋዙ ግን ወጪውን የሚመልስ አልነበረም። በ1997 የኩባንያቸው መሐንዲስ ኒክ ስታይንስበርገር አንድ ሥራ ላይ ጄሉ በትክክል እንዳልተደባለቀ አየ። ቀጥኖ ውሃ ሆኗል። በደንቡ ያ ጉድጓድ መበላሸት ነበረበት። ግን ያን ያህል የከፋ አልሆነም። በዚያው ሰሞን በምሥራቅ ቴክሳስ ሌላ ኩባንያ በሌላ ዓይነት ድንጋይ ላይ በአብዛኛው ውሃ እየተጠቀመ እንደሆነ ሰማ። አለቆቹን አሳምኖ ባርኔት ላይ ሞከረው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አልተሳኩም። በ1998 ኤስ ኤች ግሪፈን ቁጥር 4 የተባለው ጉድጓድ ላይ ግን ሠራ። ከዚያ በኋላ የመጣው የአሜሪካ የጋዝና የድፍድፍ ጎርፍ ከዚህ ቀጭን ውሃ ነው የጀመረው።

ይህ ታሪክ በየስብሰባው ሲተረክ «አደጋ ያመጣው በረከት» ተብሎ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ስታይንስበርገር የተጠበቀውንና የሆነውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አየ። አብዛኛው ሰው ጄሉ ተበላሸ ብሎ አቅራቢውን ተቆጥቶ ያልፈው ነበር።

ግን አሸዋው የት እንደሚገባ ያኔም አልተመለሰም። ውሃው ርካሽ ሆነ፣ ጋዙ መጣ፣ ጥያቄው ተረሳ። ከ2015 ጀምሮ በአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ድጋፍ በቴክሳስ ሬገን ካውንቲ አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ጉድጓዶች ፍራክ ከተደረጉ በኋላ አጠገባቸው ሌላ ጉድጓድ ሰያፍ ተቆፍሮ፣ የተሰነጠቀው ድንጋይ ራሱ 180 ሜትር ያህል ተቆርጦ ወጣ። ድንጋዩን በእጅ መንካት ተቻለ። ሞዴሎቻችን ከእያንዳንዱ ክላስተር አንድ ቀጥ ያለ ንጹሕ ስንጥቅ ነበር የሚስሉት። በተቆረጠው ድንጋይ ውስጥ ከ700 በላይ ፍራኩ የፈጠራቸው ስንጥቆች ተቆጠሩ። በመንጋ ነው የሚሄዱት። በብዙዎቹ ውስጥ ደግሞ አሸዋ አልነበረም፣ ወይም ኢምንት ነበር።

የዚህን ሙከራ ጽሑፍ ካነበብኩት ቆይቷል። አንብቤ ግን አስቀመጥኩት። የሌላ ሰው ጉድጓድ ነው፣ የሌላ ሰው ድንጋይ ነው። ወሬ ነው እንጂ የራስን እስኪያዩ ድረስ አይሰማም።

ቆንጆው ግራፍ

ፍራክ በሚደረግበት ቦታ ላይ አንድ ትንሽ ተጎታች ቤት አለች። ዳታ ቫን ትባላለች። ውስጧ ስክሪን ነው። አየር ማቀዝቀዣው ያንቀጠቅጣል፣ የደረቀ ፒዛ አይጠፋም። ውጭ ያሉት ፓምፖች መሬቱን ያርዳሉ። በስክሪኑ ላይ ሦስት መስመሮች ዋና ናቸው፦ ግፊት፣ በደቂቃ የሚገባው ውሃ፣ የአሸዋው መጠን። አንድ ስቴጅ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ግፊቱ ወደ 9,000 ፒኤስአይ (ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው)፣ ውሃው በደቂቃ 90 በርሜል። የውሃው መስመር ቀጥ ካለ፣ አሸዋው በደረጃ ከወጣ፣ ግፊቱ ደግሞ ቀስ እያለ ከወረደ፣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። የጉድጓዱ ባለቤት ወኪል፣ ካምፓኒ ማን የሚባለው፣ ጣቱን ወደ ላይ ያሳያል። «ድንጋዩ ተቀበለ» ይባላል።

እኔም ለዓመታት እንዲህ ዓይነቱን ግራፍ አይቼ ደስ ብሎኝ ተኝቻለሁ።

አሁን ልብ በሉ። ያ የግፊት ቁጥር አንድ ነው፤ የተሠራው ግን ከብዙ ነገር ነው። ድንጋዩ ላለመከፈት የሚገፋው ኃይል አለበት። ስንጥቁን ለማስፋት የሚያስፈልገው ትርፍ ግፊት አለበት። በቧንቧው ውስጥ የሚባክነው ሰበቃ አለበት። በነዚያ ትንንሽ ቀዳዳዎች ሲያልፍ የሚባክነው አለበት። ከዚህ ላይ የውሃው ዓምድ ክብደት ይቀነሳል። ድምሩን ነው የምናየው። ድምሩ አልተለወጠም ማለት ውስጡ አልተለወጠም ማለት አይደለም። ድምሩ ወረደ ማለት ደግሞ የትኛው እንደወረደ አይናገርም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል። ግራፉ ሲያምር ማን ይጠይቃል?

ካሜራው የወረደ ዕለት

አንድ ጉድጓድ ላይ ባለቤቶቹ ካሜራ ለማውረድ ተስማሙ። ሥራው ካለቀ፣ ስቴጆቹን የሚለያዩት መዝጊያዎች ከተነሱ በኋላ፣ ጎን ጎኑን የሚያይ ካሜራ በቧንቧው ውስጥ ይሄዳል። የእያንዳንዱን ቀዳዳ ፎቶ ያነሳል፣ ስፋቱን ይለካል። የተጠቀምንበት ዲዛይን ያው የተለመደው ነበር። በዚያ አካባቢ ሁሉም ከሁሉም የሚገለብጠው፤ ማን እንደጀመረው እንኳ የሚያስታውስ የለም። አሥር ክላስተር፣ በእያንዳንዱ አራት ቀዳዳ፣ ባለ 0.42 ኢንች። ወደ 11 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ማለት ነው። ሐሳቡ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ውሃው በአንዱ ብቻ ማለፍ አቅቶት ለሁሉም ይከፋፈላል የሚል ነው።

ፎቶዎቹ የመጡልኝ ቢሮ ተቀምጬ ነው። ዝም ብዬ ወደ ታች ማየት ጀመርኩ። በአንዱ ስቴጅ ከጫፉ በኩል ያሉት ቀዳዳዎች ክብ ናቸው። ጠርዛቸው ስል ነው። ፈንጂው ሲበሳቸው የተወው ቅሪት እንኳ አልተነካም። ቶን በቶን አሸዋ ያለፈበት ቀዳዳ እንዲህ አይሆንም። ወደ ጉድጓዱ አፍ በኩል ወዳሉት ክላስተሮች ስመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቀዳዳው ተበልቷል። ክብነቱ ጠፍቶ ሞላላ ሆኗል። ጠርዙ ተሸርሽሮ ሳስቷል። ከቧንቧው በታች በኩል ያሉት ቀዳዳዎች ከላይ ካሉት ይብሳሉ፤ አሸዋ ክብደት አለው፣ ታች ታቹን ነው የሚሄደው። ቀጣዩ ስቴጅም እንዲሁ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ።

የድግስ ድንኳን አስቡ። አስተናጋጁ ወጡን ይዞ በበሩ ይገባል። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሳህናቸው ሞልቶ ይፈስሳል። ጥግ ያሉት ድስቱ ሲደርስ መረቅ ብቻ ቀርቶታል። ደጋሹ ከውጭ ሆኖ ስንት ድስት እንደገባ ይቆጥራል። ሁሉም በልቷል ብሎ ያምናል።

ያቺን ሰዓት የማልረሳት በፎቶዎቹ ብቻ አይደለም። የነዚያኑ ስቴጆች የግፊት ግራፍ ከፍቼ ከጎናቸው አስቀመጥኩት። ግራፉ ያው ቆንጆው ነው። ግፊቱ በዝግታ፣ በሥርዓት ይወርዳል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ግፊቱ የሚወርደው ቀዳዳዎቹ እየተበሉ ስለሆነ ነው! ቀዳዳ ሲሰፋ በሱ በኩል የሚባክነው ግፊት ይቀንሳል፤ ያ ቅናሽ ወደ ላይ፣ ስክሪናችን ድረስ ሲመጣ ቀስ ያለ ቁልቁለት ሆኖ ይታያል። ዳታ ቫን ውስጥ ጣታችንን ወደ ላይ የምናሳይለት ያ ቁልቁለት፣ ድንጋዩ እየተቀበለ መሆኑን ሳይሆን ክፍፍሉ እየተበላሸ መሆኑን ነበር የሚናገረው። ከግራፉ ላይ በጣም የምንወደው ክፍል የበሽታው ምልክት ነበር።

ሁሌም እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ግፊት በሌላ ምክንያትም ይወርዳል። አሸዋው ራሱ ውሃውን ስለሚያከብደው የዓምዱ ክብደት ይጨምርና ላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ሒሳብ ውስጥ አስገብቼ ነው የምናገረው። ከዚያም በኋላ የሚተርፍ ቅናሽ ነበረ፣ የተረፈውም ከተበሉት ቀዳዳዎች ጋር ይገጥም ነበር።

ለምን ወደ አፉ በኩል ያለው ይበልጣል? ይህን ለብዙ ቀን ሳብሰለስል ነበር። ውሃ ቶሎ ይታጠፋል፤ አሸዋ ግን ፍጥነቱ ስለሚገፋው የመጀመሪያዎቹን ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ጫፉ መሄድ ይወዳል። በዚህ ብቻ ከሄድን ጫፉ ነበር መጥገብ ያለበት። ግን ጫፉ ጎረቤት አለው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ስቴጅ ቀደም ብሎ ተሰንጥቋል፣ በአሸዋና በውሃ ተነፍቷል። ያ የተነፋ ድንጋይ አጠገቡ ያለውን ይጫነዋል። ስለዚህ ከጫፉ በኩል ያለው ድንጋይ ለመከፈት ተጨማሪ ግፊት ይጠይቃል። ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ቀለለው ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትንሽ የበለጠ ያገኘው ቀዳዳ ትንሽ ይበላል። ሲበላ ይሰፋል። ሲሰፋ የበለጠ ያገኛል። ሁለት ሰዓት ለዚህ ረጅም ጊዜ ነው።

ቀዳዳ መቀነስ

ሒሳቡ ጨካኝ ነው፣ ግን ግልጽ ነው። በቀዳዳ በኩል የሚባክነው ግፊት በአንድ ቀዳዳ የሚያልፈውን ውሃ በራሱ አባዝቶ ይከተላል። ቀዳዳው ሲሰፋ ደግሞ ይቀንሳል፤ ቅናሹ የቀዳዳውን ወርድ አራት ጊዜ በራሱ አባዝቶ ይከተላል። በ40 ቀዳዳ 90 በርሜል ስናሳልፍ የሚባክነው 600 ፒኤስአይ ገደማ ነው። በአንድ ስቴጅ ውስጥ ከክላስተር ክላስተር ያለው የድንጋይ ልዩነት ራሱ ብዙ መቶ ፒኤስአይ ሊሆን ይችላል። ያቺ 600 ማንንም አታስገድድም። ቀዳዳው ከ0.42 ወደ 0.50 ኢንች ሲሰፋ ደግሞ፣ ማለትም በሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ያቺው 600 ወደ 300 ትወርዳለች። ሁለት ሚሊ ሜትር! ብረቱን አሸዋ እየፈገፈገው ሁለት ሚሊ ሜትር ለመብላት የሚቸግረው ነገር የለም።

ቀዳዳዎቹን ከ40 ወደ 20 ብናወርዳቸውስ? ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ2,300 ፒኤስአይ በላይ። ያኔ ድንጋዩ ምንም ቢያማርጥ ቀዳዳው አያስመርጠውም። ለሁሉም ይደርሳል፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው ሰዓት። ይህ ዘዴ በእኛ ሠፈር አዲስ አይደለም፣ ብዙዎች ይሠሩበታል። እኔ የምሠራበት ቦታ ላይ ግን ማሳመን ነበረብኝ።

የፓምፕ ሰዎቹ መጀመሪያ ተቆጡ። ልክ ናቸው። ያንን ተጨማሪ 1,700 ፒኤስአይ ከየት ያምጡት? በሒሳብ ወደ 4,000 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ተጨማሪ ናፍጣ ነው፣ ተጨማሪ ፓምፕ ነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሰበር ተጨማሪ ቫልቭ ነው። አንድ የመስክ ኃላፊ፣ በዚህ ሥራ ያረጀ የኦክላሆማ ሰው፣ «አንተ ቢሮ ሆነህ ቀዳዳ ትቀንሳለህ፣ እኔ እዚህ ብረት እቀይራለሁ» አለኝ። ምን ይባላል? እውነቱን ነው።

በመጨረሻ የተስማማነው መሃል ላይ ነው። ቀዳዳውን ቀነስን፣ ግን እስከምፈልገው ድረስ አይደለም። ቀዳዳዎቹን ሁሉ ወደ ላይ እንዲያዩ አደረግን። የሚበሳው መሣሪያ ክብደቱ እያዞረው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እንዲተኩስ ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን አሸዋው አንዱን ከታች እየበላ ሌላውን ከላይ አይተውም። ሌላም ጥቅም አለው። መሣሪያው የቧንቧው ወለል ላይ ስለሚተኛ፣ በተለያየ አቅጣጫ ሲተኩስ ርቀቱ ስለሚለያይ ቀዳዳዎቹ ከመጀመሪያውኑ እኩል አይሆኑም ነበር። አሁን ቢያንስ እኩል ተወልደው ይጀምራሉ።

ሥራው ሲጀመርም ውሃውን በደረጃ እየቀነስን ግፊቱ እንዴት እንደሚወርድ እናያለን። በቀዳዳ የሚባክነውና ከቀዳዳው እስከ ስንጥቁ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ የሚባክነው ለውሃው መጠን የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ስለዚህ ስንት ቀዳዳ በእርግጥ እንደተከፈተ መገመት ይቻላል። አሥር ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው። ለዚህ አሥር ደቂቃ የተደረገውን ክርክር ብነግራችሁ አታምኑኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል የሚባለው? እኛ ዘንድ ግን የሚጠረጥር ሰው ሰዓት ያባክናል ተብሎ ነው የሚመነጠረው።

ካሜራው እንደገና ሲወርድ ቀዳዳዎቹ በጣም ተቀራርበው ነበር። እኩል አልነበሩም። ተቀራርበው ነበር።

«ታዲያ ነዳጁ ጨመረ ወይ?»

ይህን የሚጠይቁኝ የኩባንያው የሒሳብ ክፍል ሰዎች ብቻ አይደሉም። ሂውስተን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስለ ሥራዬ ያወራኋቸው ሁሉ ይጠይቁኛል። ሌላም ይጠይቁኛል፣ ውሃ አትበክሉም ወይ፣ መሬት አታንቀጠቅጡም ወይ። በአጭሩ፦ የምንሰነጥቀው ድንጋይ ከመጠጥ ውሃው በኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ የሚያሰጋው በላይኛው ክፍል ያለው ሲሚንቶና ብረት በደንብ ካልተሠራ፣ ወይም ላይ መሬት ላይ ቢፈስ ነው። መንቀጥቀጡ ግን ቀልድ አይደለም። ከነዳጁ ጋር የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ መልሶ በጥልቅ መቅበር ነው ዋናው ምክንያት። በ2016 ኦክላሆማ ፓውኒ ላይ 5.8 የደረሰው ከዚህ ጋር ተያይዟል። በ2021 ደግሞ የቴክሳስ ተቆጣጣሪ እዚሁ ሚድላንድ አጠገብ በጥልቅ መቅበርን ገድቧል። «ኦጋዴንስ ይህን እናድርግ ወይ?» የሚልም አይጠፋም። ካሉብ ላይ በ1970ዎቹ የተገኘው ጋዝ ያለው በአብዛኛው በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው። የእሱ ችግር ለብዙ ዓመታት የቧንቧና የገበያ ነበር እንጂ ከእኔ ሙያ ጋር ብዙም አይገናኝም።

ወደ ነዳጁ ስንመለስ። ጨመረ ወይ? እኔ የምሰጠው መልስ ማንንም አያስደስትም። ጉድጓዱ ጥሩ ነው። ግን ከቀድሞዎቹ ጋር በአንድ ነገር ብቻ አይደለም የሚለየው። በጎረቤቱ ካለው ጉድጓድ ያለው ርቀት ተቀይሯል። አጠገቡ ለዓመታት ሲመረት የነበረ አሮጌ ጉድጓድ አለ፤ የተመረተበት ድንጋይ ግፊቱ ወርዷል፣ የአዲሱ ስንጥቅ ወደዚያ ነው የሚሳበው። የቀዳዳው ድርሻ ስንት ነው ብሎ ነጥሎ የሚነግራችሁ ሰው ካለ የሚሸጠው ነገር አለው።

ስለዚህ ነገሩን የሸጥኩት በሌላ መንገድ ነው። ክፍፍሉ ከተሻሻለ በአንድ ስቴጅ ብዙ ክላስተር ማስተናገድ ይቻላል። ስቴጁን ከ64 ሜትር ወደ 80 ካረዘምነው 50 የነበረው 40 ይሆናል። አሥር መዝጊያ አይገዛም፣ አሥር ጊዜ የመብሻው መሣሪያ ሽቦ አይወርድም፣ ቀናት ይቆጠባሉ። የሒሳብ ሰዎቹ ዓይን በራ። ያለ አንድ ጥያቄ ፈረሙ። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ጥግ ያሉት ክላስተሮች ድርሻቸውን ማግኘታቸው ነበር፤ ለነሱ ደግሞ አሥር ስቴጅ መቀነሱ። አንድ ወረቀት ላይ ተገናኘን። ትንሽ ያስቆጣኛል፣ ደግሞ አያስቆጣኝም። ስቴጁ በረዘመ ቁጥር ግን ጥግ ያለው እየራቀ፣ ክፍፍሉ እንደገና እየከበደ እንደሚሄድ ስነግራቸው ስብሰባው ላይ የቀረው ሰው ጥቂት ነበር።

በሚቀጥለው ፓድ ላይ፣ ማለትም ጉድጓዶች በአንድነት በሚቆፈሩበት ቦታ፣ ስድስት ጉድጓዶች አሉን። ካሜራው ከበጀቱ ወጥቷል። «አንዴ አይተነዋል» ነው ምክንያቱ። ስቴጁ ረዝሟል፣ አሸዋው የሚመጣው ከሌላ ማምረቻ ነው፣ ድንጋዩም ሌላ ንብርብር ነው። ከስድስቱ በአንዱ ብቻ ይውረድ ብዬ ትናንት እንደገና ጽፌያለሁ፤ ከአሥሩ ስቴጅ ከተቆጠበው ገንዘብ ምን ያህሉን እንደሚወስድም በቁጥር አስቀምጫለሁ። አለቃዬ «ሰኞ እንነጋገር» ብሎ መልሷል።